ለጧፍ ጎጆ የሚሆን ምድጃ

የደብራችን የሚካኤል ገበዝ፣ ቄስ ወልደ ሰንበት፣ ታኅሣሥ በገባ በሳምንቱ ደጃፌ ቆመው ከኩታቸው ጫፍ አንድ እፍኝ ጧፍ ፈትተው አሳዩኝ። ጧፉ የእኔ ነው። ራሴ ፈትዬ፣ ራሴ ሰም አልብሼ፣ ራሴ ያስረከብኩት። አንዱን አነሡና በሁለት ጣታቸው ጎበጥ ሲያደርጉት ቀጭ አለ፤ ሰሙ ተሰንጥቆ ክሩ ብቻ ተንጠለጠለ። ሁለተኛውም እንደዚያው ሆነ። ሦስተኛውን ሊያነሡ ሲሉ፣

«ይበቃል አባቴ፣ አየሁት» አልኩ።

«እኔም እንዲህ ሆኖ ነው ያየሁት፣ ሐረገ ወይን። ትናንት ወንጌል ሲነበብ ዲያቆኑ እጅ ላይ ተሰበረ። እሳቱ ምንጣፉ ላይ ወደቀ። እግሬን ሰድጄ ባልረግጠው ኖሮ ዛሬ የማወራሽ ሌላ ነገር ነበር።»

«ብርዱ ነው አባቴ። ዘንድሮ ዝናቡ ዘግይቶ ማሩ ዘገየ፣ ሰሙም ከውርጩ ጋር አብሮ ነው የደረሰልኝ። እንጨት ሆኖ ነው የሚመጣው።»

«አውቃለሁ። ወገዳ ውስጥ አንዲት ሴት አለች፣ የስማዳ ሰው። አገሯ ከኛ ሞቅ ስለሚል ሰሙ አይደርቅባትም። ሥራውን ለሷ እንስጥ የሚሉ አሉ።»

«የሚሉት እነማን ናቸው?»

ቄሱ ጢማቸውን አሻሹ። «እኔ ነኝ» አሉ። መዋሸት አይሆንላቸውም፤ ለዚያም ነው የምወዳቸው። «ቢሆንም የናትሽን እጅ አውቃለሁ፣ ያንቺንም አውቃለሁ። እስከ ገብርኤል ልታገሥ። የገብርኤል ለት መጥቼ ጧፍሽን አጥፌ አየዋለሁ። ካልተሰበረ የልደቱም፣ የጥምቀቱም፣ የዓመቱም ያንቺ ነው። ከተሰበረ አትቀየሚኝ።»

«አልቀየምዎትም። ምክንያቱም አይሰበርም» አልኳቸው።

ሄዱ። እኔም ደጃፍ ላይ ቆሜ ቀረሁ። አፌ ደፋር ነው እንጂ እንዴት አድርጌ እንዳይሰበር እንደማደርገው ገና አላወቅሁም ነበር። እንግዲህ እንዲህ ነው፤ እኔ ፊደል ቆጥሬ ወደ ዳዊት ሳልደርስ የተውኩ ሰው ነኝ። ቅኔ ማሕሌት ገብቼ አላሸበሽብ፣ መቅደስ ገብቼ አልቀድስ። በዚያ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የእኔ ነው የምለው ጧፉ ላይ ያለው ብርሃን ነው። መጽሐፉ ሲነበብ ከፊደሉ ላይ የሚያርፈው ብርሃን የእኔ ነው እያልኩ ከሴቶቹ መካከል ቆሜ በልቤ ደስ ይለኛል። ይህንን ለወገዳ ሴት የምሰጥበት ምክንያት አልታየኝም።

የምሠራባት ጎጆ ድሮ የአህያችን ነበረች። አህያዋን ወደ በረት አዛወርናት፤ እርፍና ቀንበሩን በአንድ ጥግ ሰብስበን ቀሪውን እኔ ያዝኩት። ሰሙን በሙቅ ውሃ አለሰልሳለሁ፣ ፈትሉ ላይ አለብሳለሁ፣ ከዚያ በጣውላ ላይ በመዳፌ አንከባልላለሁ። ችግሩ ጣውላው ላይ ነው። በአገራችን በንፋስ መውጫ፣ ታኅሣሥ ላይ፣ ሰሙ ከውሃው ወጥቶ ጣውላው ላይ እስኪደርስ ብርዱ ያደነግጠዋል። በላዩ ለስልሶ ይታያል፤ በውስጡ ግን ተሰነጣጥቋል። ዋናው ቤት ምድጃ አጠገብ እንዳልሠራ ደግሞ የእንጨት ጭስ ሰሙን ያጠቁረዋል። ጥቁር ጧፍ ለሚካኤል አላስገባም። ስለዚህ መሞቅ ያለባት ጎጆዋ ራሷ ናት፤ ያውም ያለ ጭስ።

ለባሌ ለይርዳው ነገርኩት። ይርዳው ደግ ሰው ነው፤ ደግነቱ ግን የሚወጣው በጭቃ ነው። ስናደድ ግድግዳ ይለስናል፣ ሳዝን መደብ ይደለድላል። የዚያን ቀንም ነገሩን ሰምቶ ጭድና እበት አቡክቶ መጣና ጎጆዋን ከውጭም ከውስጥም ለሰናት። ከጣራው ሥር ቆጥ ሠርቶ እሱንም በጭቃ ደፈነው። በሩ ላይ ቆዳ ሰፋበት። ሲጨርስ እጁን ታጥቦ፣

«በይ እንግዲህ፣ ቁንጫ እንኳ የምትወጣበት ቀዳዳ አልተውኩም» አለኝ።

እውነቱን ነው። በሩ ሲዘጋ ውጭ የሚያፏጨው ንፋስ ድምፁ ይጠፋል። እንዲህ ያለ ልስን በአገሩ አልነበረም፤ ሰው እየመጣ በመዳፉ እያሻሸ ያደንቅ ነበር። ይርዳው ከቀጥቃጮች መንደር አንድ ስልቻ ከሰል ተሸክሞ አመጣልኝና በማንደጃ አቀጣጠልነው። ጭስ የለው፣ ምን የለው። ደስ አለኝ።

እኔና ማሚቴ ገባን። ማሚቴ ጎረቤቴ ናት፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ ክሩን የምታከርልኝ እሷ ናት። ሰውነቷ ትልቅ፣ ቀሚሷ ከሰውነቷ የበለጠ፣ ሳቋ ከሁለቱም የበለጠ ነው። ሰሙ እንደ ቅቤ ታዘዘልን። እያወራን ስንሠራ ማሚቴ ሳቋን አቆመች። ማሚቴ ሳቅ ስታቆም አንድ ነገር አለ ማለት ነው።

«እቴ ሐረግ፣ ራሴን ፈለጠኝ» አለች።

«እኔንም።»

«ምች መቶን ነው። ትናንት ከአውድማው ላይ ስንበላ ፀሐይ ላይ ነበርን።»

ምች ነው ብለን ከደጅ ወጥተን ዳማከሴ ቀጠፍን፤ አሽተን አሸተትን፣ ጨምቀን ጠጣን። ተሻለን። ተመልሰን ገባን። ደግሞ ፈለጠን። ደግሞ ወጣን፣ ደግሞ አሸተትን፣ ደግሞ ተሻለን። ዳማከሴዋን ቅጠል አልባ አደረግናት።

«ይቺ ምች ጎጆ ውስጥ ነው የምትኖረው መሰለኝ» አለች ማሚቴ፣ ግድግዳውን ተደግፋ።

እኔ ግን ዓይኔ ሌላ ነገር ላይ አረፈ። ለሙከራ ያበራሁት አንድ ጧፍ ጣውላው ጫፍ ላይ ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ የጧፍ እሳት ያየሁ ሰው ነኝ፤ ደህና እሳት ቀጥ ብሎ ይቆማል። ይሄኛው አጎንብሷል። ሽምብራ አክሏል። በሩን ከፈትኩት፤ ቀና አለ። ዘጋሁት፤ ቆይቶ ቆይቶ ደግሞ አጎነበሰ።

«ማሚቴ፣ ምች አይደለም። እሳቱም እንደኛ ራሱን አሞታል» አልኳት።

ይርዳው ማታ ከአውድማ ሲመለስ ነገርኩት። «የሰው ዓይን ነው» አለ። «ልስኑን አይቶ ያላደነቀ የለም።»

እንግዲህ ከሰሉን ተውነው። በገበያው ቀን ማሚቴን አስከትዬ አንዳርጌ ዘንድ ሄድኩ። አንዳርጌ ከደብረ ታቦርና ከጎንደር በበቅሎ ጨው፣ አቡጀዲና የቆርቆሮ ጋዝ የሚያመጣ ነጋዴ ነው። ምላሱ ከበቅሎው ይፈጥናል።

«ነጭ ጋዝ የሚጠጣ ምድጃ አለህ አሉ» አልኩት።

«አለህ እንዴ ትያለሽ እቴ! ጎንደር ያለ ሹም ቤቱ የሚያሞቅበት አለኝ። ኑ ግቡ፣ ግቡ!»

ከጓሮው ወሰደን። ሁለት ምድጃ አወጣልን። አንዱ ሦስት እግር ያለው፣ በእጅ ተነፍቶ እንደ ተናደደ ንብ የሚጮኽ ነው። ሌላው ረጅም፣ ቀጭን፣ ወገቡ ላይ ብርጭቆ የታጠቀ፣ አበባ የተሳለበት። ሁለቱንም አቀጣጠላቸው። ቆንጆው አበባ ያለው በብርጭቆው ውስጥ እሳቱ ሲወዛወዝ እውነትም ዓይን ይስባል።

«ይሄ ነው ያንቺ» አለ አንዳርጌ። «እሳቱን እያየሽ ትሠሪያለሽ። ዓይንም ይሞቃል።»

«አጥፋቸው» አልኩት።

«ምነው?»

«አጥፋቸውና ይብረዱ። ከበረዱ በኋላ ማሚቴ በመካከላቸው ትዙር።»

አንዳርጌ እኔን አየ፣ ማሚቴን አየ፣ የማሚቴን ቀሚስ አየ። «እቴ ሐረገ ወይን፣ ዕቃ ልትገዢ ነው የመጣሽ ወይስ ልትቀብሪ?»

«የምሠራባት ጎጆ ጠባብ ናት። ማሚቴ ክር ልታነሣ በዞረች ቁጥር የማትጥለው ነገር የለም። እስካሁን ውሃውን ሁለት ጊዜ ደፍታብኛለች። ምድጃው እሷን ካልቻለ እኔ ዘንድ አይኖርም።»

«ስሜን እንዲህ ነው የምታጠፊው?» አለች ማሚቴ፤ ግን መቀነቷን እያጠበቀች፣ ቀሚሷን እየዘረጋች ነበር። ደስ ብሏታል። የገበያው ሰው ከአጥሩ ላይ አንገቱን አሰገገ።

ማሚቴ ዞረች። ሦስት እግሩ ወዲያው ተደፋ፤ ጋዙ ዧ ብሎ መሬት ላይ ፈሰሰ፤ ሽታው አስነጠሰን።

«ይሄ በርቶ ቢሆን ኖሮስ?» አልኩ።

«እኔ ጧፍ እሆን ነበር» አለች ማሚቴ። «ለገና የሚበቃ ጧፍ!»

ከአጥሩ ወዲያ ያለው ሰው በሳቅ ወደቀ። ማሚቴ በሳቁ ተበረታትታ ደግሞ ዞረች። አበባ ያለው ተንገዳገደ፤ አንዳርጌ ዘሎ እንደ ሙሽራ አቀፈው። አቅፎ እንደያዘው፣ «በቃ! በማርያም በቃ!» አለ። «በሰላሙ አገር ይህን ያህል አገር አቋርጬ ሳልሰብር ያመጣሁትን!»

«ሌላ የለህም?»

«ሌላ የለኝም።»

«ያ የምትቀመጥበትስ ምንድን ነው?»

ስንገባ ከበሩ ሥር የበግ ለምድ አልብሶ ተቀምጦበት የነበረውን ነው ያልኩት። አንዳርጌ አፈረ። «ኧረ እሱ... እሱን ማንም አልገዛኝም። እሳቱ አይታይም። ጀርባ ላይ ትንሽ ቀዳዳ አለችው፣ በዚያ አጮልቀሽ ነው የምታይው። እሳቱ የማይታይ ምድጃ ማን ይገዛል? በቅሎዬን ያቆሰለብኝ እሱ ነው፣ ክብደቱ የጥጃ ነው።»

ለምዱን ገፈፍኩት። አጭር፣ ሰፊ፣ አስቀያሚ፣ ከግንባሩ እስከ ታቹ የብረት ፍርግርግ የለበሰ፤ መቀመጫው ከራሱ የሰፋ። ጋዝ የሚጠጣው በሥሩ ነው፤ አፉም በብረት ክዳን ተጠምዝዞ ይዘጋል።

«ማሚቴ፣ ዙሪ።»

ማሚቴ ዞረች። ቀሚሷ ፍርግርጉን ይዞ፣ ፍርግርጉ ቀሚሷን ይዞ፣ ማሚቴ ራሷ እንደ ክምር ተደፋች። ምድጃው ካለበት አልተነቃነቀም። በዚያ ጊዜ ከአጥሩ ወዲያ የነበረው ሰው ከአጥሩ ወዲህ ሆኗል፤ ማሚቴን ማን እንደሚያነሣ ይሻማ ነበር። እሷም ተኝታ እየሳቀች፣ «ተዉኝ፣ ትንሽ ልረፍበት!» ትላለች።

አቀጣጠልነው። ነጭ ባዘቶ ከላዩ ያዝኩ። የምድጃውን ክር ከፍ ስናደርገው ባዘቶው ጠቆረ፤ ዝቅ ስናደርገው ነጭ ሆኖ ቀረ፣ እጄም ሞቀ። ሰሙን አያጠቁርብኝም ማለት ነው። ይሄ ነው አልኩ። አንዳርጌ የሚቀመጥበት እንዳጣ ቢያማርርም በገብስና በማር ተስማማን። ምድጃውን ከበቅሎ ላይ ሲያስር አንድ ነገር ነገረኝ።

«ጎንደር የሸጠልኝ ሰውዬ የነገረኝ ነው። ጋዝ የምትሞይው ውጭ ነው፣ ያውም ከጠፋና ከበረደ በኋላ። ሌላው ደግሞ ይሄ ዕቃ እንደ ሰው ይተነፍሳል። ቤቱ ድፍን ከሆነ የናንተን ትንፋሽ ነው የሚሻማችሁ። አንድ ቀዳዳ ከታች፣ አንድ ከላይ ስጪው።»

ጧፌ ያጎነበሰው ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። ከሰሉም የተሻማው ትንፋሻችንን ነው።

ቤት ስደርስ ለይርዳው ምድጃውን አሳየሁት፤ ወደደው። ቀዳዳውን ነገርኩት፤ አበደ።

«ግድግዳዬን ልትበሺ?»

«ሁለት ቦታ ብቻ።»

«የንፋስ መውጫ ሰው ሆነሽ ንፋስ በገዛ እጅሽ ልታስገቢ? አባቴ ቀዳዳ ሲደፍን ኖሮ ሞተ። አያቴም ቀዳዳ ሲደፍን ኖሮ ሞተ። እኔ በሽታውን ጠርቼ ላስገባው? ደግሞስ ያ ምላሳም ነጋዴ ነው ልስን የሚያስተምረኝ?»

«ራሴን አሞኛል እያልኩህ!»

«ያ ከሰሉ ነው። ይሄ ሌላ ምድጃ ነው።»

«እሳት እሳት ነው።»

«ልስንም ልስን ነው!»

እንዲህ ሆነን ሁለት ቀን ተኳረፍን። እሱ ቢዘጋኝ እኔም ዘጋሁት። ማሚቴ በመካከላችን መልእክተኛ ሆና፣ «ይርዳው፣ ሚስትህ ጨው አቀብለኝ ትልሃለች፤ ሐረግ፣ ባልሽ ጨው ከጎንሽ ነው ይልሻል» እያለች መሳቂያ አደረገችን። ገብርኤል ግን እየቀረበ ነበር። በሩን ከፍቼ ልሠራ ሞከርኩ፤ ንፋሱ ሙቀቱን ጠርጎ ወሰደው፣ ጧፌም ደግሞ ቀጭ አለ። በሩን ዘግቼ ልሠራ አልፈለግሁም።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ይርዳው በርጩማውን አንሥቶ ጎጆዋ በር ላይ ቆመ።

«እኔ እገባለሁ» አለ። «አንቺም ግቢ። በሩን ዘግተን ምድጃውን አቀጣጥለን እንቀመጥ። ራሴን ካመመኝና ቀድሜ ከወጣሁ ትበሺዋለሽ። ቀድመሽ ከወጣሽ ስለ ቀዳዳ የሚባል ነገር ዳግመኛ እንዳልሰማ።»

«ተስማማሁ።»

«ሁለት ተዋጊ አውራ በግ!» አለች ማሚቴ። «እኔ ከውጭ እሆናለሁ። ድምፃችሁ ከጠፋ በሩን እሰብራለሁ።»

ገባን። ጧፍ አብርቼ ጣውላው ላይ አቆምኩ። ይርዳው እግሩን ዘርግቶ ልስኑን ዙሪያውን እያየ፣ «አየሽ እንዴት እንደሚያምር» ይለኛል። ሞቀን። እውነት ለመናገር ደስ ይል ነበር። ከተጋባን ወዲህ ሥራ ሳንይዝ በቀን ብርሃን ጎን ለጎን የተቀመጥነው የዚያን ቀን ነው መሰለኝ። ስለ ዘንድሮው ገብስ አወራን፣ ስለ ልጃችን የሠርግ መልስ አወራን። ኩርፊያውንም ረሳነው። ጧፉ ቀስ እያለ ማጎንበስ ጀመረ። እኔም ግንባሬ ላይ አንድ ነገር ሲጫነኝ ተሰማኝ፤ ዝም አልኩ። እሱም ግንባሩን ሲያሽ አየሁት፤ ዝም አለ።

ከዚያ ስለ በሬዎቹ ያወራኝ ጀመር። ይርዳው ስለ በሬዎቹ ሲያወራ ዓለም ይረሳል።

«አምና ያን ቀንበር የሰበረው ጊዜ» አለ፣ ቃሉን እየጎተተ፣ «ጉራች እንዴት አድርጎ...»

ደነገጥኩ። ቀንበር የሰበረው ቡሬ ነው። ጉራች ለስላሳ በሬ ነው፣ ሕፃን የሚጎትተው። ይርዳው የልጁን ስም ሊያሳስት ይችላል፤ የእኔንም አሳስቶ በእናቱ ስም ጠርቶኝ ያውቃል። የበሬዎቹን ስም ግን አያሳስትም።

«ማን ነው የሰበረው?» አልኩት።

«ጉራች» አለ፣ ዓይኑ ክድን ክድን እያለ።

ተነሣሁ። ክርክሩ፣ ግድግዳው፣ ጧፉ፣ ወገዳ ያለችው ሴት፣ ሁሉም አንድ ላይ ትዝ አለኝ፤ ግን ምን ላድርግ? በሩን በእግሬ ከፍቼ ወጣሁ፤ በኩታው ይዤ እሱንም ጎተትኩት። ንፋሱ ፊታችንን በጥፊ አለን። ማሚቴ በርጩማ ይዛ መጥታ አስቀመጠችው፣ ውሃ ረጨችው። ትንሽ ቆይቶ ቀና አለና ሳቀ።

«ማን ቀድሞ ወጣ?» አለ።

«እኔ» አልኩ።

«እንግዲያው አሸነፍኩ።»

«አሸንፈሃል።»

ማሚቴ በወገቧ ላይ እጇን ሰቅላ መጣች። «አሸናፊው፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። አምና ቀንበር የሰበረው የትኛው በሬህ ነው?»

«ቡሬ ነዋ! ምን ዓይነት ጥያቄ ነው?»

«ውስጥ ሳለህ ጉራች ነው ስትል ከበሩ ጀርባ ሰምቼሃለሁ።»

«እኔ? ጉራችን?» ወደ እኔ ዞረ። ራሴን ነቀነቅሁለት። ይርዳው ወደ በረቱ አየ፤ ጉራች ገለባውን እያኘከ ቆሟል፣ ምንም ያልበደለ። ይርዳው ለረጅም ጊዜ ያንን በሬ አየው። ከዚያ ራሱን ይዞ ተነሣ፣ ወደ ጎጆዋ ገባ፣ ከጥጉ የእርፉን ማረሻ ይዞ ወጣ።

«ወዴት ነው?» አለች ማሚቴ።

«ዝም በይ» አላትና ማረሻውን በገዛ ልስኑ ላይ ሰካው።

እኔ ሲሠራ ብቻ አየሁት። መጀመሪያ እያዘነ ነበር የሚፈለፍለው፤ በኋላ ግን ሥራው ያዘውና እያፏጨ ሆነ። አንዱን ከታች፣ ከምድጃው በስተጀርባ፣ አንዱን ከቆጡ ሥር በማዶው ግድግዳ ከፈተ። ቀዳዳውን እንዲሁ መተው አላስቻለውም። የሁለት የተሰበሩ ገንቦዎችን አንገት አምጥቶ ሰካባቸው፤ አፋቸውን ወደ ታች አዘንብሎ፣ ንፋሱ ቀጥ ብሎ እንዳይገባ፣ ዙሪያውን ደግሞ በጭቃ አበጀው። ሲጨርስ በሩን ዘግተን ምድጃውን አቀጣጠልን። ጧፉ ቀጥ ብሎ ቆመ። ቆየን፤ አላጎነበሰም። ሞቀን፤ ራሳችንን አላመመንም።

«አየሽ» አለ ይርዳው። «ቀዳዳ ማለት እንዲህ ነው። ዝም ብሎ መብሳት አይደለም።»

በማግስቱ ለጎረቤቱ ሁሉ ስለ ቀዳዳ ሲያስተምር ሰማሁት። ሐሳቡ የራሱ ሆኗል። ይሁንለት አልኩ።

ከዚያ በኋላ ሥራ ነው የያዝነው። ምድጃውን ከታችኛው ቀዳዳ ፊት አቆምነው፤ ሰሙንና ክሩን ከማዶ ግድግዳ ጥግ አደረግን። ጋዙን ጠዋት ጠዋት ገና ሳይቀጣጠል ከደጅ አውጥቼ እሞላለሁ፤ ማሚቴ እንዳትነካው አስምዬአታለሁ። ሰሙ ታዘዘኝ። ከጣውላው ላይ ያለ ስንጥቅ፣ ያለ ጉብጠት፣ ቀጥ ብሎ እየወጣ ይደረደር ጀመር። ማሚቴም ሳቋን አላቆመችም፤ ሁለት ጊዜ ከምድጃው ጋር ተላትማ ሁለት ጊዜም የወደቀችው እሷ ናት።

የገብርኤል ለት ቄሰ ገበዝ ወልደ ሰንበት መጡ። ውጭ ውርጩ ገና ከሣሩ ላይ አልተነሣም። ጫማቸው ውስጥ ያለው እግራቸው በረዶ ሆኖ በሩ ላይ ቆሙ።

«ጧፉን አምጪውና ልየው» አሉ።

«ይግቡና ይዩት አባቴ።»

ገቡ። ሙቀቱ ሲነካቸው ፊታቸው ተለወጠ። ደጅ ላይ የነበሩት ቄስና ጎጆ ውስጥ ያሉት ቄስ ሁለት ሰው መሰሉኝ። ማሚቴ በርጩማ ሰጠቻቸው። አንድ ጧፍ ከመካከል መዘዝኩና ሰጠኋቸው። በሁለት ጣታቸው ያዙት፤ ጎበጥ አደረጉት። ጎበጠ። ደግሞ ጎበጥ አደረጉት። እንደ ቀለበት ዞረ። በአመልካች ጣታቸው ላይ ጠመጠሙት፤ ሰሙ አልተሰነጠቀም፣ ፈቱት፣ በመዳፋቸው አቃኑት፣ አበሩት። እሳቱ ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ጥቁረት የለበትም» አሉ፣ ሰሙን ወደ ዓይናቸው አቅርበው።

«ያለ ጭስ ነው የተሠራው።»

«ለወገዳ መልእክት ልኬ ነበር» አሉ።

«አሁንስ?» አልኩ።

«እመልሰዋለሁ። የዓመቱ ያንቺ ነው፣ ሐረገ ወይን። የዓመቱም፣ የሚቀጥለውም።»

ማሚቴ እልል አለች። እልልታዋ ጎጆዋን ሞልቶ በገንቦ አንገቶቹ በኩል ወጣ መሰለኝ፤ ይርዳው ከአውድማው ሰምቶ ሜንጦውን እንደያዘ እየሮጠ መጣ። እኔ እጄ ሰም በሰም ስለሆነ እንባዬን የማብስበት አጥቼ በክንዴ ጠረግኩት።

ቄሱ ግን ሊነሡ አልቻሉም። «ሌላም ልይ» አሉና አንዱን አዩ። «እስቲ ያንንም» አሉ። እግራቸውን ወደ ምድጃው አስጠጉ። ጥቂት ቆይቶ ሁለት ዲያቆናት ገበዙ የት ቀሩ ብለው መጡ፤ ገቡ፤ እነሱም ጧፍ ማየት ጀመሩ። በማግስቱ መሪጌታው መጡ። የጧፉን ቁመት ለማየት ነው አሉ። በሠልስቱ ደብተራዎቹ በሙሉ መጡ፤ ውፍረቱን ለማየት። ይርዳው በር ላይ ቆሞ ስለ ቀዳዳዎቹ እያስረዳ ያስገባቸዋል። እንዲህ ያለ በጧፍ የሚጨነቅ ካህን አገሩ አይቶ አያውቅም። እኔ ግን የምሠራበት ቦታ አጣሁ፤ ጣውላዬ ላይ መጽሐፍ ተቀምጧል፣ ክሬ ላይ አንድ ደብተራ ተቀምጧል።

በመጨረሻ ጨከንኩ። «አባቶቼ» አልኩ፣ «ይህች ጎጆ የሥራ ናት። የሚሞቅባት ይሥራባት። የማይሠራ ይውጣልኝ፤ ልደት ደርሶብኛል።»

ደብተራዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። ክር ማክረር የሴት ሥራ ነው፤ ይህን ሁሉም ያውቃል። ውጭ ደግሞ ያ ንፋስ አለ፤ ይህንንም ሁሉም ያውቃል። ቄሰ ገበዝ ወልደ ሰንበት ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ለቤተ ክርስቲያን ከሆነ ነውር የለውም» አሉና እጃቸውን ለማሚቴ ዘረጉ።

ማሚቴ ፈትል ሰጠቻቸው። ቄሱ ጭናቸው ላይ አድርገው ማክረር ጀመሩ፤ መሪጌታውም ተከተሉ፤ ከዚያ ሁሉም። እያከረሩ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ለልደት የሚሉትን ያዜሙ ጀመር። እኔ ሰሙን ከውሃ አውጥቼ ጣውላዬ ላይ አስቀመጥኩ። ማሚቴ የገበዙን ክር አንሥታ ወደ ብርሃኑ ያዘችና፣

«አባቴ፣ ይህ ክር ነው ወይስ የበግ ጅራት? ፍቱትና እንደገና!» አለች።

ቄሱም እንደ ተማሪ አንገታቸውን ደፍተው ይፈቱት ጀመር።